"እህትህ ቀጥ አለች?"

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ቤተክርስቲያን ግቢ፣ ዲሲ ያለችው አክስቴ ሳትቀር በሜሴንጀር "ቀጥ አለች?" በቃ ሌላ ጥያቄ የለም። መጀመሪያ አካባቢ "አዎ ተመስገን" እያልኩ አልፍ ነበር፣ አሁን ግን ደከመኝ። ለያንዳንዱ ሰው ቆሜ ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ ልጽፈውና ከዛ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ሊንኩን ልልክለት ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ግንባታ ላይ ፎርማን ነኝ፣ ስራዬ ፌሮና ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ቅርጹን የሚይዘው ሳጥን) ነው። ግን እህቴ ሚጣ (ቤት ውስጥ እንደዛ ነው የምንላት) የጎበጠ ጀርባዋን ልትታከም ጋና፣ አክራ በነበረችባቸው ወራት ማታ ማታ እንቅልፍ ሲያጣኝ ስለ ጀርባ አጥንት ኦፕራሲዮን ያላነበብኩት ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ቀኖቹን ደሞ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ስላነበብኩት እንደዛው ይቀመጥ።

ነገሩ የጀመረው ልብስ ሰፊ ቤት ነው፣ ደሴ ፒያሳ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ እማዬ ቀሚስ ልታሰፋላት ወሰደቻት፣ ያኔ አስራ ሁለት አመቷ ነው። ሰውዬው ሜትሩን ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በግራ ለካ፣ በቀኝ ለካ፣ መነጽሩን አወለቀና እንደገና በግራ ለካ። ከዛ "እትዬ፣ የልጅቷ ትከሻ እኩል አይደለም እኮ። ጫፉን እኩል አድርጌ ብሰፋው ስትለብሰው ይንጋደዳል" አላት። እማዬ ምን አለች? "ታዲያ አንተ አስተካክለው!" እሱም አስተካከለው፣ ባንድ በኩል አራት ጣት ያህል አስረዝሞ ሰፋው፣ ለበሰችው፣ ጫፉ ቀጥ አለ፣ ሁሉም ተደሰተ። ቀሚሱን አጣሞ ሰፍቶ ልጅቷን ቀጥ አደረጋት ማለት ነው። በዛ ቀሚስ የተነሳችው ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ፣ ምንም አይታወቅባትም።

በነገራችን ላይ መጀመሪያ ያወቀው እሱ ነው። ከሱ በኋላ የሄድንበት ህክምና ቦታ (ስሙን አልጠራም) ጀርባዋን እንኳን ገልጠው ሳያዩ "ጀሪካን ስለምትሸከም ነው፣ ውሃ አታስቀዷት" ብለው የህመም ማስታገሻ ሰጥተው መለሱን። ጀሪካንም ሆነ የደብተር ቦርሳ ጀርባን እንዲህ አያጣምምም። የሷ አይነቱ ስኮሊዮሲስ (የጀርባ አጥንት ወደ ጎን መጣመም) በዕድገት ጊዜ የሚመጣ፣ መነሻው በትክክል የማይታወቅ ነው፣ ከባዱ ደሞ ሴት ልጆች ላይ ይበዛል። ለማየት የሚያስፈልገው ግማሽ ደቂቃ ነው። ልጁን ልብሱን አስወልቀህ እግሩን ገጥሞ ወደፊት እንዲያጎነብስ ታደርጋለህ፣ ከኋላ ቆመህ ስታይ የጎድን አጥንቱ ባንድ በኩል ከፍ ካለ በቃ ራጅ ነው። አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው ይሄን ያመጣው፣ በ1800ዎቹ፣ መሳሪያም ኤሌክትሪክም አይፈልግም። እና ማንም አላጎነበሳትም።

ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ሄድን። በቅቤ አሸት አሸት አደረጋት፣ ሳንቃ ላይ ተኚ አላት። አልጠቀማትም አልጎዳትም፣ ግን ይሄን ለሌላው ልንገር፣ ጉብጠቱ ከአጥንት ቲቢ የመጣ ልጅ ቢሆን ኖሮ ያን የበሰበሰ አጥንት ተጭኖ ማሸት ሽባ እስከማድረግ ሊደርስ ይችላል። ጀርባ የወጌሻ አይደለም። እጅ ሲወለቅ ሌላ ነገር ነው።

ሁለት አመት እንዲህ ሄደ። አስራ አራት ሲሞላት አዲስ አበባ አመጣኋትና ራጅ ተነሳች። የአጥንት ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ለጠፈና እርሳስና ፕሮትራክተር አወጣ፣ እዚህጋ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ ምክንያቱም እኔ የማውቀውን ስራ ነው የሚሰራው። ከላይ በጣም ያዘነበለችው አጥንት ጣሪያ ላይ መስመር፣ ከታች በጣም ያዘነበለችው አጥንት ወለል ላይ መስመር፣ በሁለቱ መሀል ያለው ማዕዘን ኮብ አንግል ይባላል። ጆን ኮብ የሚባል የኒውዮርክ ሐኪም በ1948 ያመጣው ነው፣ እስካሁን አለም በሱ ነው የሚለካው። ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከ25 ጀምሮ ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ ብሬስ (እንደ ጠንካራ የፕላስቲክ ቀበቶ ከብብት እስከ ዳሌ የሚታሰር)፣ ከ45 ወይ 50 በላይ ደሞ ኦፕራሲዮን።

የሚጣ 108 ነበር።

ብሬስ ስል አንድ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። በ2013 የወጣ ጥናት አለ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የተሰራ፣ ብሬስ ካደረጉት ልጆች 72 ፐርሰንቱ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ደረጃ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ጨረሱ፣ ካላደረጉት ደሞ 48 ፐርሰንቱ። በቀን ከ13 ሰአት በላይ ያሰሩት ጋ ውጤቱ 90 ፐርሰንት አለፈ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ይዞ ቆሞ ባየበት ቀን ስንት ዲግሪ እንደነበረች እግዜር ነው የሚያውቀው። ምናልባት ሰላሳ። ምናልባትም ያኔ ብሬሱን ብንፈልገው አናገኝም ነበር፣ እሱም አለ። ብቻ ማታ ማታ ይመጣብኛል።

እሺ ወደ አክራ። ጀርባ የጎበጠ ልጅ ያለው ቤተሰብ መቼም የዶክተር ሪክ ሆድስን ስም ሰምቷል፣ ረጅም አመት እዚህ የኖረ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ እሱ የሚያያቸው ብዙ ልጆች ጋና እየሄዱ ነው ኦፕራሲዮን የሚደረጉት። ጋና ያለው ደሞ ፎኮስ የሚባለው ነው፣ ኒውዮርክ ሲሰሩ በኖሩት ጋናዊ የጀርባ ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ በ1998 የተመሰረተ፣ አክራ ያለው ሆስፒታላቸው ደሞ በ2012 የተከፈተ። ለምን ጋና የሚለኝ ሰው አለ፣ ለምን አሜሪካ አልሄደችም የሚል። ወዳጄ አሜሪካ ያለ ቀዶ ሐኪም 108 ዲግሪ ያለው ልጅ ስንቴ ያያል? እዛ ገና በ50ው ይሰራለታል። እንደዚህ የከፋ ጀርባ የሚበዛው እኛጋ ነው፣ እጃቸው የለመደው ደሞ እነዚህ ናቸው።

ከመሄዷ በፊት አባዬ ሊፈርም ወረቀቱ ተነበበለት። አባዬ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ደም፣ ኢንፌክሽን፣ ሳንባ ምናምን ሲባል ዝም ብሎ ሰማ። ከዛ "ሽባ ልትሆን ትችላለች ወይ?" አለ። ሐኪሙ አልዋሸውም፣ "ትችላለች" አለው። በተለመደው የወጣቶች ስኮሊዮሲስ ከመቶ ከአንድ በታች ነው፣ ጠመዝማዛው ሲከፋና አጥንት መቁረጥ ሲመጣ ግን ብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ሳይሰራ ቢቀር ደሞ ጎድኗ ሳንባዋን እየጨፈለቀ ይሄዳል። አባዬ እስኪርቢቶውን ያዘና ወደ ሚጣ ዞሮ "አንቺስ?" አላት። "ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል" ነው ያለችው፣ ሌላ ነገር አላለችም። ፈረመ።

እኛ አብረን አልሄድንም። ልጆቹ በቡድን ነው የሄዱት ከአስተባባሪ ጋር፣ ከዛ በኋላ ያለውን ሁሉ በኢሞ ነው ያየሁት፣ እዛ ከኛ በሦስት ሰአት ስለሚዘገይ እነሱ እራት ሲበሉ እኛ ልንተኛ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ስለ ምግብ ብቻ ነው የምታወራው፣ ኬንኬ የሚባል ከበቆሎ ሊጥ የሚሰራ ኮምጣጣ ነገር አለ፣ "ኩምጥናው እንጀራ ያስታውሰኛል ስጎርሰው ግን አይደለም" ብላ አለቀሰች።

ከዛ አንድ ቀን ደወለችና ካሜራውን አልከፈተችም። እማዬ "ክፈቺው" አለች። አልከፍትም። "ክፈቺው!" ከፈተች።

ጭንቅላቷ ዙሪያ የብረት ቀለበት፣ ቀለበቱ በብሎን ከራስ ቅሏ ጋር የተያያዘ፣ ከላይ በገመድ ወደ ጣሪያ የሚሄድ። ሃሎ ይባላል። እማዬን ለማረጋጋት ብዬ "ሃሎ ማለት እኮ እማዬ ቤተክርስቲያን ስዕሎቹ ላይ ቅዱሳን ጭንቅላት ዙሪያ ያለው የብርሃን ክብ ማለት ነው፣ ከሱ የተወሰደ ስም ነው" አልኳት። ስክሪኑን ትክ ብላ አየችና "እና ምነው በብሎን አሰሩት?" አለች። ሚጣ ስቃ ሞተች፣ ስትስቅ ቀለበቱ ላይ የታሰረው ገመድ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ኦፕራሲዮኑን ነው እንጂ ይሄን አይጠይቀኝም፣ ለኔ ግን ትልቁ ስራ እዚህጋ ነው። ሃሎን በ1959 ያስተዋወቁት ካሊፎርኒያ የነበሩ ፔሪና ኒክል የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው፣ ያኔ ፖሊዮ አንገታቸውን ያሽመደመደባቸው ሰዎች ጭንቅላት እንዲቆም ነው የተሰራው። ብሎኖቹ ወደ አንጎል አይገቡም፣ የራስ ቅል ሁለት ሽፋን ስላለው የላይኛውን ብቻ ነው የሚነክሱት። ከዛ በገመድና በፑሊ ክብደት ይንጠለጠላል። ሚጣ 34 ኪሎ ነበረች፣ በ3 ኪሎ ነው የጀመሩላት። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ የሰውነቷን ግማሽ ሊሆን ምንም እስኪቀረው፣ 15 ኪሎ ድረስ። ራሷ ወደ ላይ ይጎተታል፣ የገዛ ሰውነቷ ክብደት ደሞ ወደ ታች። ቀን ተሽከርካሪ ወንበር ላይም መራመጃ ውስጥ ቆማም እየተጎተተች ነው፣ ሌሊት አልጋው ከራስጌ ከፍ ተደርጎ እየተጎተተች ነው። አስር ሳምንት።

በየቀኑ ነርሷ መጥታ "ጣቴን ጭመቂ፣ እግርሽን አንሺ፣ አይንሽን ወደዚህ፣ ወደዚያ" ትላታለች። አይኗን ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ በኋላ ሳነብ መጎተቱ ከበዛ መጀመሪያ ከሚጎዱት ነርቮች አንዱ አይንን ወደ ጎን የሚያዞረው ነው። አይን ከሰነፈ ክብደት ይቀነሳል። እግር ቢደነዝዝም እንደዛው። ሁሉም ነገር ልጅቷ ነቅታ እያወራች ስለሆነ የሚሆነው፣ ህብለ ሰረሰሯ ራሱ "ይሄን ቻልኩት፣ ይሄን አልቻልኩትም" ይላል ማለት ነው።

ለምን ባንዴ ኦፕራሲዮን ላይ አይጎትቱትም ላለኝ ሰው እንዲህ ነው የምለው፣ ደረቅ ቆዳ ወጥረህ ታውቃለህ? ባንዴ ብትስበው ይቀደዳል። አርሰህ፣ በካስማ ወጥረህ፣ ነገ መጥተህ ትንሽ ጨምረህ፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ። ለአመታት ተጣሞ የኖረ ጅማት፣ የደም ስር፣ ነርቭ ባንድ ጠዋት አይፈታም። በዛ ላይ ሳንባ አለ። ሶስት ኳስ ያለበት ፕላስቲክ ሰጥተዋት ነበር፣ አየር ስትስብ ኳሶቹ ከፍ የሚሉ፣ መጀመሪያ አንዷን ኳስ ብቻ ታንቀጠቅጣለች። በስድስተኛው ሳምንት ካሜራውን ራሷ ከፍታ ሁለቱን አነሳችልኝ፣ ሶስተኛዋ ከስር እየዘለለች። አስር ሳምንት ሲሞላ 108 የነበረው 76 ሆነ፣ ገና ቢላ ሳይነካት።

አሁን ኦፕራሲዮኑ። ድሮ እንዴት ነበር የሚለውን ካላወቅክ ያሁኑ አይገባህም ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ። በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ሂብስና አልቢ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ የጀርባ አጥንቶችን እርስ በርስ አጣብቆ አንድ አጥንት የማድረግ ስራ ጀመሩ፣ መጀመሪያ ለአጥንት ቲቢ ነው። ብረት የለም፣ አጥንቱን ፍቀህ፣ ሌላ አጥንት ጨምረህ፣ ልጁን ለወራት በጄሶ አስረህ ማስተኛት። ከዛ ሂውስተን ላይ ፖል ሃሪንግተን መጣ፣ እሱም ፖሊዮ ጀርባቸውን ያጣመመባቸው ልጆች በዝተውበት ነው፣ በ1962 ስራውን አወጣ። የሱ ብረት ክሪክ ነው። በቃ የመኪና ክሪክ። ከላይ መንጠቆ፣ ከታች መንጠቆ፣ መሀል ጥርስ ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ጥርስ በጥርስ እያስኬድክ ጀርባውን ወደ ላይ ታነሳዋለህ።

እና ቀጥ አደረገ! እንዲያውም ከመጠን በላይ ቀጥ አደረገ፣ ችግሩ እዛጋ ነው። ጀርባችን ከፊት ስታየው ነው ቀጥ ማለት ያለበት፣ ከጎን ስታየው ግን ወገብ ጋ ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት። ክሪኩ እስከ ታች ወገብ ድረስ የተገጠመላቸው ሰዎች ያ ጉድጓድ ጠፋባቸው፣ ከአመታት በኋላ ቀና ብለው መቆም አቃታቸው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ወደፊት እያዘነበሉ የሚሄዱ ሆኑ። ፍላት ባክ ይሉታል። ራጁ ላይ ዲግሪው አምሮ ሰውየው መቆም አይችልም።

ከሱ በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ ኤድዋርዶ ሉኬ በ70ዎቹ ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ ከመያዝ እያንዳንዷን አጥንት በሽቦ ከዘንጉ ጋር ማሰር አመጣ፣ ጄሶው እንዲቀር። ከዛ ፈረንሳዮቹ ኮትሬልና ዱቡሴ በ80ዎቹ መጀመሪያ፣ እነዚህ የገባቸው ነገር ጀርባው ወደ ጎን መጉበጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ተጠመዘዘ ፎጣ መሽከርከሩም ነው፣ ስለዚህ ከመጎተት ይልቅ ዘንጉን አስገብቶ ማዞር፣ ወደ ጎን የሄደው ጉብጠት ከጎን ሲታይ መኖር ወዳለበት ጉብጠት ይለወጣል። ከዛ የብሎኑ ዘመን መጣ፣ ደቡብ ኮሪያዊው ሱክ በ1995 በደረት በኩል ላሉት የጀርባ አጥንቶችም ብሎን እንደሚያዋጣ አሳየ።

ብሎኑን ልንገርህ። እያንዳንዷ የጀርባ አጥንት ከኋላ ወደ ፊት የምትሻገርባቸው ሁለት ጠባብ ድልድዮች አሏት፣ ደረት ላይ ስፋታቸው የእርሳስ ያህል ነው፣ በተጣመመው ጎን ከዛም ይቀጥናሉ። በነሱ ውስጥ ነው ብሎኑ የሚያልፈው። ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብትስት ህብለ ሰረሰር ነው፣ ወደ ፊት ብዙ ብትገፋ ትልቁ የደም ስር። ቀዶ ሐኪሙ በወስፌ መሳይ ነገር ይበሳል፣ በደነዘዘ ዘንግ ቀስ እያለ መንገድ ያበጃል፣ ከዛ ጫፏ ድብልብል ያለች ቀጭን ሽቦ አስገብቶ በጣቱ ስሜት ግድግዳዎቹን ይዳስሳል፣ አራቱ ጎን አለ? ወለሉ አለ? ሁሉም አጥንት ከሆነ ብሎኑ ይገባል። ሚጣ 22 ብሎን አላት። ከሁለተኛው የደረት አጥንት እስከ ሦስተኛው የወገብ አጥንት።

ዘንጎቹን ደሞ ቪዲዮ ላይ ሳይ የኛ ፌራዮ ትዝ አለኝ። አምስት ሚሊ ተኩል ውፍረት ያለው ብረት፣ ሐኪሙ በማጠፊያ ይዞ በእጁ ያጥፈዋል፣ ጀርባው ላይ ያስጠጋና ያያል፣ አሁንም ያጥፈዋል። እዚህጋ ነው ሃሪንግተን የሳተውን የሚያስተካክሉት፣ የወገቡን ጉድጓድ ብረቱ ላይ አስቀድመው ይሰሩታል። ከዛ ብረቱ በብሎኖቹ ራስ ውስጥ ይቀመጣል፣ እየተዞረ፣ ባንድ በኩል እየተራራቀ በሌላው እየተቀራረበ ጀርባው ወደ ብረቱ ይመጣል።

እና ይሄ ሁሉ ሲሆን እግሯ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ማን ያውቃል? በ70ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዮች ያመጡት ዘዴ አለ፣ ጀርባው ክፍት እንደሆነ ማደንዘዣውን ቀነስ አድርገው ልጁን ይቀሰቅሱትና "እግርህን አንቀሳቅስ" ይሉታል። አንቀሳቀሰ? መልሰው ያስተኙታል። ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ዛሬም እንዳታነቡላት። አሁን ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ ነው የሚከታተሉት፣ ጭንቅላት ላይ ትንሽ ኩረንቲ ይሰጣሉ፣ እግር ጡንቻ ላይ መድረሱን ስክሪን ላይ ያያሉ፣ መስመሩ ከወረደ ሁሉም እጁን ያነሳል፣ የደም ግፊት ከፍ ይደረጋል፣ ብረቱ ይላላል።

አጠገቧ የነበረ ልጅ ደሞ የጅማ አካባቢ ልጅ ነው፣ አስራ አንድ አመቱ፣ የሱ የአጥንት ቲቢ ነው። ቲቢ የፊት ለፊቱን አጥንት ይበላዋል፣ ጀርባው እንደ ታጠፈ ክርን ሹል ሆኖ ይወጣል፣ ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1779 ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። ይሄን መጎተት ብቻውን አይፈታውም፣ የሹሉን አጥንት ራሱን ከኋላ ገብተው ሙሉ በሙሉ ያወጡትና ባዶውን ቦታ ቅርጫት በሚመስል የብረት ማቆሚያ ይሞሉታል። አጥንቱ በወጣበት ሰአት ላይኛውና ታችኛው ጀርባ የሚገናኘው በህብለ ሰረሰር ብቻ ነው፣ ስለዚህ አስቀድመው ጊዜያዊ ዘንግ ያስራሉ፣ እኛ ቢም ስናፈርስ ከስር ፑንቴሎ እንደምናቆመው። ልጁ ወጣ፣ እግሩ አለ፣ አሁን ኳስ አትጫወት ስላሉት ነው የሚያኮርፈው።

የሚጣ ስምንት ሰአት ፈጀ። እኔ የዛን ቀን ስላብ ኮንክሪት እየሞላን ነበር፣ ሆን ብዬ ነው ስራ የገባሁት። አስተባባሪዋ ቴሌግራም ላይ "እግሯን አንቀሳቅሳለች" ብላ ስትጽፍ ሚክሰሩ እየጮኸ ነው፣ ስልኬ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው፣ አነበብኩትና ለሰራተኞቹ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፣ ብቻ ሻይ በኔ ሂሳብ ተባለ።

አሁን ብረቱ ያቆማት ይመስለዋል ሰው። ብረቱ ካሳፎርማ ነው። በብሎኖቹ መሀል አጥንቷን ፍቀው፣ የተቆረጠውን አጥንት ፈጭተው በላዩ ነስንሰውበታል፣ ያ ተያይዞ አንድ አጥንት እስኪሆን ስድስት ወር፣ አመት ይፈጃል። ልዩነቱ ካሳፎርማን ትፈታዋለህ፣ ይሄን አትፈታውም፣ እዛው ይቀራል። አጥንቱ ሳይያያዝ ከቀረ ግን ብረት የፈለገ ጠንካራ ቢሆን ደክሞት አንድ ቀን ይሰበራል፣ ሽቦን ደጋግመህ ስታጥፍ እንደሚሰበረው። ለዚህ ነው ከባድ አታንሺ፣ አትጠምዘዢ የሚሏት፣ ክፋት አይደለም።

ለትንንሽ ልጆች ይሄ አይሆንም፣ የተያያዘ ጀርባ አያድግም፣ ለነሱ በየስድስት ወሩ እየተከፈተ የሚረዝም ዘንግ አለ፣ በማግኔት ከውጭ የሚረዝምም አለ። እሱን የሚጽፈው ያ ልጅ ያለው ሰው ቢሆን ይሻላል።

እና ቀጥ አለች ወይ?

45 ዲግሪ ነች። ከ108 ወደ 45። ይሄን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ፊታቸው ይጠቁራል፣ "ታዲያ ያ ሁሉ ለምን?" የሚሉ አሉ። እኔም የመጨረሻውን ራጅ ሳይ ደነገጥኩ፣ አሁንም ጎበጥ ያለ ነው። ሐኪሙ ግን ጎባጣውን ሳይሆን ሌላ ነገር አሳየኝ። ከአንገቷ ስር ካለችው አጥንት ቀጥታ ወደ ታች መስመር አወረደ፣ መስመሩ ዳሌዋ መሀል ላይ አረፈ። ቱንቢ! በገዛ እጄ አስራ ምናምን አመት ግድግዳ ላይ የጣልኩት ቱንቢ። ጭንቅላቷ ዳሌዋ ላይ ቆሟል፣ ትከሻዋ እኩል ነው፣ ከጎን ሲታይም ወገቧ ጉድጓዱን ይዟል። ዜሮ ለማድረግ ቢገፉ ኖሮ ያን ህብለ ሰረሰር ነው የሚከፍሉበት። እስከ ቻለው ድረስ ሄደው ቱንቢውን አስገብተው አቆሙ። እኔ ብሆን አልቆምም ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ባለሙያውና እኔ የምንለየው እዚህጋ ሳይሆን አይቀርም።

ዘጠኝ ሴንቲ ጨምራለች። ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ ላይ ሆና ትደውልልኛለች፣ "አየህ?" ለማለት። ያ የጥምቀት ቀሚስ ቁመቱ አጥሯታል ግን ለሳቅ ለበሰችው፣ ጫፉ ባንድ በኩል አራት ጣት ተንጋደደ። እማዬ አይታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቆይታ ነው የወጣችው።

የማይቻል ነገር አለ፣ አልደብቅም። ጀርባዋ አይታጠፍም። ጫማዋን ስታስር ከዳሌዋ ነው የምትታጠፈው፣ ፀጉሯን ስትታጠብ ሰው ያግዛታል፣ ዱካ ላይ ዝቅ ብላ ቡና ማፍላት አልቻለችም፣ አስር ደቂቃ ሞክራ ላብ በላብ ሆና ተነሳች። ሳይት ላይ የተረፈ እንጨት ነበረ፣ ከአናጢያችን ጋር ሆነን ረከቦቱንም ምድጃውንም የሚይዝ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ሰራንላት፣ ወገቧ ጋ የሚደርስ። አሁን ቆማ ነው የምታፈላው፣ እንደ ማኪያቶ ቤት። ጎረቤቶቻችን ቡና ለመጠጣት መጥተው ቀና ብለው እያዩዋት "እነዚህ ደሞ ሀብታም ሆኑ፣ ቡናውን ፎቅ ላይ አወጡት" ይላሉ።